ነፋስና በረዶ ለሚበረታበት አጥቢያ የብረት ሕንፃ አመራረጥ

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአባቶች ፊት ቆሞ ስለ ቤት አሠራር መናገር ለአንድ ዲያቆን ድፍረት ይመስላል። ይሁን እንጂ የተመደብኩበት ሥራ ብዙ አጥቢያዎችን እንድዞር፣ ብዙ ጣሪያ ሥር እንድቆም፣ አንዳንድ ጊዜም ጣሪያው ከሄደ በኋላ ባዶ ግድግዳ መካከል እንድቆም አድርጎኛል። ዛሬ የማቀርበው ከዚያ የተማርኩትን ነው።

ጌታችን በወንጌል ስለ ሁለት ቤቶች ያስተማረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ታስተምሩታላችሁም። ከዚያ ምሳሌ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ዝናቡም፣ ጎርፉም፣ ነፋሱም የመጣው በሁለቱም ቤቶች ላይ ነው። ብልሁ ሰው የተሻለ አየር አልተሰጠውም። ልዩነቱ ያለው ከምድር በታች፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነበር። ምሳሌው ስለ ነፍስ የተነገረ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን በሥጋዊው ሕንፃችንም ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም አይቻለሁ።

የአንድ አዳራሽ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ አጥቢያ ለአብነት ተማሪዎች መማሪያና ማደሪያ የሚሆን የብረት አዳራሽ ለማሠራት ታሰበ። ቦታው ኮረብታ ላይ ነው፤ በስተ ምሥራቁ ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር የሚነሣው ነፋስ በጽዱ ቅርንጫፍ ላይ ሲያፏጭ ይሰማል። የመጀመሪያው ንድፍ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ነበር። ኮሚቴው የተማሪውን ብዛት አይቶ ርዝመቱ 16 ሜትር እንዲሆን ጠየቀ። ገንዘቡ ግን የ12 ሜትሩ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከማይታየው ላይ ተቀነሰ። ቆርቆሮው በቀጭን ተለወጠ። ቆርቆሮው የሚያርፍባቸው ማገሮች ተራራቁ። ምሰሶዎቹን ከመሠረቱ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ቀረና ብረቱ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ኮንክሪት ፈሶበት ተተከለ። አዳራሹ 16 ሜትር ሆነ፤ ተመረቀ፤ እልልታም ሆነ። ያንን ለውጥ በፈቀደው ሰነድ ላይ የእኔም ፊርማ አለ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት የሚመጣው ነፋስ ተነሣ። የአዳራሹ በር ክፍት ነበር። ጣሪያው ከነማገሩ ተነሣ፤ አራት ምሰሶዎችም ከነኮንክሪታቸው ተነቅለው ወጡ። ቆርቆሮው ከአጥሩ አልፎ መካነ መቃብሩ ላይ ተበተነ። ተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት አኮፋዳቸውን ይዘው ቁራሽ ለመለመን ወደ መንደር ወርደው ነበር። የኔታም ከቤተ ልሔሙ ጥግ ተቀምጠው ነበር። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የእኛ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም።

በማግሥቱ ስደርስ አንዲት አረጋዊት እናት ከተቀዳደደው ቆርቆሮ መካከል ቆመው አገኘኋቸው። ገንዘቡ ሲሰበሰብ “አንድ ምእመን አንድ ቆርቆሮ” ተብሎ ታውጆ ስለ ነበር እርሳቸውም የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ሰጥተው ነበር። እኔን ሲያዩ፣ “ልጄ፣ የእኔ የትኛው ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በማንኛውም የሕንፃ ሰነድ ላይ ከመፈረሜ በፊት ያ ጥያቄ ይመጣብኛል።

ነፋስ ጣሪያን የሚያነሣው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን ነፋስ ቤትን የሚገፋ ይመስለናል። ግድግዳን በእርግጥ ይገፋል፤ ጣሪያን ግን በአብዛኛው ወደ ላይ ይስባል። ነፋሱ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ከታች ያለው አየር ደግሞ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ስለሚያነሣው ጉዳቱ ይብሳል። ይህ ስበት ከሁሉ የሚበረታው በጣሪያው ማዕዘኖች፣ በዳርቻውና በአናቱ ላይ ነው። ተገንጥሎ የተገኘ ጣሪያ ስታዩ መጀመሪያ የተላቀቀው ብዙውን ጊዜ ማዕዘኑ መሆኑን ትረዳላችሁ።

መጠኑን በሚገባን ሚዛን እንየው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 25 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል አለው። የተለመደው የጣሪያ ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር ቢበዛ 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የ16 በ8 ሜትሩ አዳራሽ ጣሪያ 128 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በዚያ ስሌት የሚስበው ኃይል 3,200 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 32 ኩንታል ይደርሳል። ነፋሱ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደግሞ ኃይሉ ወደ 56 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ያድጋል፤ የጠቅላላው ጣሪያ ስበት ከ70 ኩንታል ያልፋል። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ሲሆን ኃይሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ቁጥሩ እንደ ጣሪያው ቅርጽና እንደ ቦታው ይለያያል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ኃይሉ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ነፋስ ኮረብታ ሲወጣ ይፈጥናልና የኮረብታው አናት ያንን ቅናሽ መልሶ ይወስደዋል። አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ደግሞ በብዛት የተተከሉት በኮረብታ አናት ላይ ነው። አገራችን በአዳማ፣ በአሸጎዳና በአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተከለችው በእነዚያ ቦታዎች የሚነፍሰው ነፋስ ግዙፍ መዘውር ለማሽከርከር የሚበቃ ስለ ሆነ ነው። መዘውር የሚያሽከረክር ነፋስ ያልታሰረ ቆርቆሮ ቢወስድ አያስደንቅም።

ከቆርቆሮው እስከ ምድር ያለው ሰንሰለት

እንግዲህ ይህን ሁሉ ኃይል የሚይዘው ምንድን ነው? የብረት ሕንፃ በክብደቱ የሚቆም አይደለም፤ ቀላል ነውና። በማሰሪያው ይቆማል። ቆርቆሮው በብሎን ከማገሩ ጋር ይያዛል፤ ማገሩ ከጣሪያው ተሸካሚ ብረት ጋር፤ ተሸካሚው ከምሰሶው ጋር፤ ምሰሶው ከመሠረቱ ጋር፤ መሠረቱም ከምድር ጋር። ይህ አንድ ሰንሰለት ነው። ከቀለበቶቹ አንዱ ከላላ የሌሎቹ ጥንካሬ አይረዳም። በጠቀስኩት አዳራሽ ብየዳው ጥሩ ነበር፤ ብረቱም ጥሩ ነበር፤ የተሰናከለው በሁለት ቀለበቶች፣ በማገሩ መራራቅና በመሠረቱ ጥልቀት ማነስ ነው።

እያንዳንዱን ቀለበት በአጭሩ ልንካ።

አንደኛ፣ ቆርቆሮው። በገበያ ላይ ቆርቆሮ በጌጅ ይሸጣል፤ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። አንዳንድ ኮሚቴ 35 ከ28 የሚበልጥ መስሎት በደስታ ገዝቶ ተመልሷል። የጌጅ አለካክም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በሚሊሜትር ንገሩኝ በሉ፤ ሲረከቡም በመለኪያ አስለኩ። ነፋስና በረዶ ለሚበረታበት ቦታ ከ0.4 ሚሊሜትር ያልሳሳ ቆርቆሮ እንድትመርጡ እመክራለሁ። ቀጭን ቆርቆሮ ነፋሱ ሲያርገበግበው ብሎኑ በተመታበት ቀዳዳ ዙሪያ ይቀደዳል፤ ብሎኑ ከማገሩ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ብሎኑ። ሚስማር በእንጨት ውስጥ በግጭት ብቻ ስለሚያዝ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ቀስ በቀስ ይወጣል። ጥርስ ያለውና ከራሱ ሥር ሰፊ ሳህንና ጎማ ያለው ብሎን ግን ይይዛል፤ ውኃም አያስገባም። በማዕዘንና በዳርቻ ላይ በእያንዳንዱ የቆርቆሮ ጉብታ ይመታ፤ በመካከሉ ጉብታ እየዘለሉ መምታት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ማገሩ። በመካከሉ ያለው ርቀት ከ90 ሳንቲሜትር ባይበልጥ፣ በዳርቻው ደግሞ ከዚያ ግማሽ ቢሆን መልካም ነው። ማገሩ ከተሸካሚው ጋር በብሎን ወይም በሙሉ ብየዳ ይያያዝ። ነጥብ ነጥብ ተደርጎ የተበየደ ለጊዜው ማቆሚያ እንጂ ማሰሪያ አይደለም።

አራተኛ፣ ሰያፍ ማጠናከሪያው። አራት ማዕዘን የሆነ የብረት ቅርጽ ሲገፋ ይጣመማል፤ በሰያፍ የተያያዘ ግን ቅርጹን ይጠብቃል። በጣሪያውና በግድግዳው ዳር ዳር ክፍሎች ሰያፍ ብረት መኖሩን በዓይናችሁ ተመልከቱ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ነው።

አምስተኛ፣ መሠረቱ። 60 በ60 ሳንቲሜትር ሆኖ 80 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የኮንክሪት መሠረት ወደ 7 ኩንታል ይመዝናል። አሥር ምሰሶ ያለው አዳራሽ በዚህ ስሌት 70 ኩንታል የሚጎትተው ክብደት አለው ማለት ነው። ቀደም ሲል ካሰላነው ስበት ጋር አስተያዩት፤ ለ72 ኪሎ ሜትሩ ነፋስ ከበቂ በላይ ነው፤ ለ108 ኪሎ ሜትሩ ግን በጭንቅ እኩል ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛውን መጠን ቦታውን አይቶ መሐንዲስ ይወስን። ምሰሶው በእግሩ ላይ ወፍራም ላሜራ ተበይዶለት፣ ኮንክሪቱ ሲፈስስ በተቀበሩ አራት ብሎኖች ይታሰር።

ቅርጹ፦ አባቶቻችን የተዉልን ትምህርት

አባቶቻችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ የነፋስን ስሌት በቁጥር አልጻፉም፤ ያወቁት ግን ነበር። ክብ ግድግዳና ሾጣጣ ጣሪያ ለነፋስ ጠፍጣፋ ጎን አይሰጥም፤ ከየትም ቢመጣ ተከፍሎ ያልፋል። አዳራሹ ክብ ባይሆን እንኳ አራቱም አቅጣጫ ተዳፋት የሆነ ጣሪያ፣ ሁለት ክንፍ ብቻ ኖሮት በጫፎቹ ቀጥ ያለ ግድግዳ ካለው ጣሪያ ይልቅ ነፋስን ይቋቋማል። የተዳፋቱ መጠን በሁለት ሜትር አግድም አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለነፋሱም ይስማማል፤ በረዶውም ሳይከማች ይወርዳል። ለጥ ያለ ጣሪያ ቆርቆሮ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በነፋስ ይበልጥ ይሳባል፤ በረዶም ይሸከማል።

ከግድግዳው ውጭ የሚወጣው የጣሪያ ክፈፍ ረዥም ሲሆን ነፋሱ ከሥር ያገኘዋል። ግማሽ ሜትር ያህል ይበቃል። በረንዳ ካስፈለገ ጣሪያው ከዋናው ተለይቶ ለብቻው ይሠራ፤ ነፋስ በረንዳውን ቢወስድ ዋናው ይተርፋል።

ሌላው የአባቶች ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በጎንደርና በጎጃም ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ክብ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የማያውቅ የለም። ያ ደን ነፋስ የሚሰበርበት አጥር ነው። ለአዳራሽ ቦታ ተብሎ በነፋሱ አቅጣጫ ያለው ዛፍ ሲቆረጥ ሕንፃውን ከጠባቂው እንለየዋለን። በሌላ በኩል ቅርንጫፉ ከጣሪያው በላይ የተንጠለጠለ ያረጀ ዛፍ አደጋ ነውና ሕንፃውን ከእርሱ አርቆ መትከል ይገባል።

በረዶ፣ ዝገት፣ ላብና ሙቀት

በረዶ ወፍራሙን ቆርቆሮ ያጎደጉደዋል፤ ቀጭኑን፣ በተለይም የዛገውን፣ ይበሳዋል። ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ሸለቆና አሸንዳ በረዶ የሚከማችበት ቦታ ነው። የተከማቸ በረዶ ውኃውን ወደ ኋላ መልሶ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ በክብደቱም አሸንዳውን ይጥለዋል። ስለዚህ የተወሳሰበ ጣሪያ አትምረጡ። አሸንዳውም ሰፊና በቅርብ በቅርብ የተያዘ ይሁን።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባሱ ነው። ይህም በካሬ ሜትር በግራም ይለካል፤ በሁለቱ ገጽ ድምር 275 ግራም ያለው 100 ግራም ካለው ብዙ ዓመት ይበልጣል። ሻጩን ጠይቁ፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። የተቆረጠና የተበየደ ቦታ ሁሉ ልባሱን ስላጣ በዚያው ቀን የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲነካካ ዚንኩን ይበላዋልና የመብረቅ መከላከያ የመዳብ ሽቦ በቆርቆሮው ላይ እንዳይተኛ ተጠንቀቁ።

በደጋ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የሰው ትንፋሽ ከሥሩ ወደ ውኃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። ሰዎች “ጣሪያው ያፈስሳል” ብለው ደጋግመው ይደፍኑታል፤ የሚንጠባጠበው ግን የቤቱ ላብ ነው። ብራናና መጻሕፍት ያሉበት ቤት ከሆነ ጉዳቱ የማይመለስ ነው። መፍትሔው ኮርኒስና ከጣሪያው አናት አጠገብ የአየር መውጫ ነው። ኮርኒሱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የኔታ የሚናገሩት አይሰማምና።

በቆላ ደግሞ ፀሐይ ብረቱን ታስረዝመዋለች። የ10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ማታ ተመልሶ ያጥራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማርን ያላላል። ነጣ ያለ ቀለም፣ ከፍ ያለ ግድግዳና የአየር መተላለፊያ ለቆላ ግድ ነው። ምስጥ በሚበረታበት ቆላ የብረት ማዋቀሪያ ከእንጨት ይመረጣል። በደጋ ግን በቅርብ የደረቀ ባሕር ዛፍና ብልህ አናጢ ካለ እንጨትም በሚገባ ከታሰረ ያገለግላል። የብረት ሕንፃ ክብር አይደለም፤ መሣሪያ ነው።

ስለ መብረቅ

ብዙ ጊዜ “ቆርቆሮ መብረቅ ይጠራል” ሲባል እሰማለሁ። መብረቅ የሚያዘነብለው ከፍ ወዳለው ነገር ነው፤ የእኛ አጥቢያዎች ደግሞ በከፍታ ላይ ናቸው። የብረት ጣሪያ መብረቁን አይጠራም፤ ግን ከመጣ በኋላ ወደ ምድር የሚያወርደው ጎዳና ያስፈልገዋል። ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹና ጉልላቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው፣ ቢያንስ በሁለት ወገን ወደ ምድር በተቀበረ ዘንግ ይውረዱ። የምድሩ መቋቋም ከ10 ኦም በታች መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካ። ነጎድጓድ በቀረበ ጊዜ ተማሪዎችን ከትልቁ ዛፍ ሥር አታቁሙ፤ ከብረት የደወል ማማም አርቋቸው።

የላሊበላ ትምህርት

የብረት መጠለያ ጉዳይ በቅዱስ ስፍራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከላሊበላ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብና ከፀሐይ ለመጠበቅ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አራት ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። የታሰቡት ለጊዜው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ካህናቱና ሕዝቡ ነፋስ ቢጥላቸው ከሥር ያለው የማይተካ ቅርስ ምን ይሆናል ብለው ሠጉ፤ በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡ በአደባባይ ሰልፍ ጭምር ጠየቀ። እኔ ስለ ግንባታው ለመፍረድ አልደፍርም። ለእኛ የሚተርፈው ግን ግልጥ ነው። ብረት ከመትከላችን በፊት “ማን ይንከባከበዋል? እስከ መቼ ይቆያል? ቢወድቅ በምን ላይ ይወድቃል?” ብለን መጠየቅ አለብን። እነዚህ ጥያቄዎች ለትንሹ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽም ይሠራሉ።

ኮሚቴው ምን ያድርግ?

ከመግዛታችሁ በፊት በቦታው የኖሩ ሽማግሌዎችን ስለ ነፋሱ ጠይቁ። ከየት ይነሣል? በየትኛው ወር ይበረታል? ከዚህ በፊት የማንን ጣሪያ ወሰደ? እነርሱ የነገሯችሁን ጽፋችሁ ለመሐንዲሱ ስጡ። አዳራሹ አጭር ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ በሩ ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን እንዲሆን አድርጉ።

ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣላችሁ ከታች ያለውን ድምር ብቻ አታወዳድሩ። የቆርቆሮው ውፍረት፣ የልባሱ ግራም፣ የማገሩ ርቀት፣ የብሎኑ ዓይነትና ብዛት፣ የመሠረቱ ልክ በሦስቱም ላይ ተጽፎ ካልቀረበ የምታወዳድሩት የተለያየ ዕቃ ነው። ርካሹ ብዙውን ጊዜ ርካሽ የሆነው ከእነዚህ አንዱን ዝም ስላለ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃ ሕንፃውን አሳጥሩ፤ ማሰሪያውን አታሳጥሩ። የ12 ሜትር አዳራሽ በሌላ ዓመት 16 ሊሆን ይችላል። የተነቀለ 16 ሜትር ግን አንድም ሜትር አይደለም።

መሠረቱ ከመሸፈኑ በፊት፣ ብረቱም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ ፎቶ አንሡ። ከኮንትራቱ ገንዘብ ጥቂቱን አንድ ክረምት እስኪያልፍ መያዣ አድርጉ። ከዚያም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ በጥቅምትና ከበልግ ነፋስ በፊት በየካቲት፣ ሁለት ሰዎች በደረቅ ቀን በመሰላል ወጥተው የላላውን ብሎን ያጥብቁ፤ አሸንዳውን ይጥረጉ፤ የዛገውን ይቀቡ። ይህ ሥራ በቃለ ጉባኤ ለስም ይሰጥ። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

መጨረሻው

አዳራሹ በኋላ ተሠራ። በዚህ ጊዜ ርዝመቱ 11 ሜትር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ተጨናንቀው ይተኛሉ፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን ሁለት ሚያዝያ አልፎበታል፤ ማዕዘኑ አልተነቃነቀም።

በዚያ ሥራ ከሁሉ የገረመኝ የገንዘቡ አሰባሰብ ነበር። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ስንመክር አንድ ነገር ተገነዘብን። በመጀመሪያው ጊዜ “አንድ ምእመን አንድ ቆርቆሮ” ብለን ስላወጅን ቆርቆሮ የሚሰጥ በዛ፤ ስለ ብሎንና ስለ መሠረት ግን ማንም አልተጠየቀምና ማንም አልሰጠም። ሕዝቡ ያላደረገው እኛ ስላልነገርነው ነው። የሚታየውን ብቻ ስለለመንን የሚታየው ብቻ ተሰጠን። በሁለተኛው ጊዜ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው፣ ከመሠረቱ ጀምሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ በየስሙ ጠሩ፤ ይህን ያህል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ፌሮ፣ ይህን ያህል ብሎን ብለው። አንዱ የአንድ ምሰሶ መሠረት፣ ሌላው የአንድ ማዕዘን ብሎን ወሰደ።

እኒያ እናትም እንደገና መጡ። ሁለተኛ ያስቸግሩናል ብዬ አላሰብኩም፤ ሁለተኛ ይሰጣሉ ብዬም አላሰብኩም። የብሎን ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ተነገራቸው፤ በመቀነታቸው የቋጠሩትን ፈትተው የሃያ ብሎን ሰጡ። ሥራው ሲያልቅም ያንኑ የቀድሞ ጥያቄ ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ወስጄ አሳየኋቸው፤ በምሥራቅ በኩል፣ ከገደሉ አንጻር ባለው ማዕዘን ላይ ናቸው። ቀና ብለው ጥቂት ካዩ በኋላ አማትበው ሄዱ።

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለእኛ የተሰጠን ገንዘብ ከእንደነዚህ ያለ መቀነት የተፈታ ነው። ሕንፃው በተመረቀ ቀን ማንም ብሎኑን አይመለከትም፤ ፎቶም አይነሣም። ነፋሱ በመጣ ቀን ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው። እኛም ከእርሱ ጋር እንጠየቃለን። የማይታየውን በሚገባ እንድንሠራ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።